የክላሲካል ሙዚቃ ሃያሲን እስከ የት እንመን? ቅጂ ለሚመርጥ አድማጭ ዝርዝር መመሪያ

ስፖቲፋይ ወይም ዩቲዩብ ውስጥ ገብታችሁ «የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ» ብላችሁ ፈልጉ። ማለቂያ የሌለው ዝርዝር ይመጣላችኋል። ደራሲው አንድ፣ ኖታው አንድ፣ ቅጂው ግን የትየለሌ። አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው እየተንቀረፈፈ ይሄዳል። አንዱ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) የተቀዳ የ1950ዎቹ ቅጂ ነው፣ ሌላው አምና የወጣ። በየቱ ይጀመር?

ይህን ጥያቄ መመለስ እንጀራቸው የሆነ ሰዎች አሉ። የለንደኑ ግራሞፎን መጽሔት ከ1923 ጀምሮ የሸክላና የሲዲ ሂስ ሲያትም ኖሯል (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፈረንሳዮች ዲያፓዞን የሚባል መጽሔት አላቸው። ጀርመኖች ከ1963 ጀምሮ በሃያስያን ዳኝነት የሚሰጥ የቅጂ ሽልማት አላቸው። አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ካሜራ ፊት ተቀምጠው «ይሄን ግዙ፣ ያንን ተዉት» የሚሉ ሃያስያን ሞልተዋል።

አዲስ አድማጭ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ሃያሲው ያለውን ሁሉ እንደ ወንጌል ይቀበላል። ሌላው «ጣዕም የግል ነው» ብሎ ጨርሶ አያነብም። ሁለቱም የሚቀርባቸው ነገር አለ። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ሃያሲ የሚታመነው በከፊል ነው። በየትኛው ከፊል እንደሚታመን ለይቶ ማወቅ ደግሞ በልምምድ ይመጣል። ልምምዱን በቅደም ተከተል እንየው።

1. ሳታነቡ በፊት ስሙ

መጀመሪያ ምንም ሂስ አታንብቡ። አንድ ሥራ ምረጡና በጣም የሚለያዩ ሦስት ቅጂዎችን አዳምጡ። አምስተኛው ሲምፎኒ ለዚህ ይመቻል። አጭር ነው፣ አጀማመሩን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

የእኔ ምርጫ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ የኦርኬስትራ መሪው ካርሎስ ክላይበር ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1974 የቀዳው። ሁለተኛ፣ ኦቶ ክሌምፐረር በ1950ዎቹ ከለንደኑ ፊልሃርሞኒያ ጋር የቀዳው። ሦስተኛ፣ ጆን ኤልየት ጋርዲነር በቤትሆቨን ዘመን ዓይነት መሣሪያዎች ከሚጫወተው ኦርኬስትራው ጋር የቀዳውና በ1990ዎቹ የወጣው። ሦስቱም በስትሪሚንግ በቀላሉ ይገኛሉ።

ምን እንስማ? ከፍጥነቱ ጀምሩ። ሲምፎኒው ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በታኅሣሥ 1808 ነው። ቤትሆቨን በ1817 ለሲምፎኒዎቹ የሜትሮኖም ቁጥር (በደቂቃ ስንት ምት እንደሚመታ የሚናገር የፍጥነት ልክ) አሳተመ፤ ለዚህ የመጀመሪያ ክፍል የሰጠው ቁጥር 108 ነው። በጣም ፈጣን ነው። ጋርዲነር ወደ እሱ ይጠጋል። ክሌምፐረር ግን ቁጥሩን ከቁብ አይቆጥረውም፤ በዝግታ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካበ ይሄዳል። ታዲያ ክሌምፐረር ተሳሳተ ማለት ነው? ሃያስያን እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። እናንተ መልሱን ከማንም ከመስማታችሁ በፊት የራሳችሁን ስሜት ያዙ።

ቀጥሎ በመጀመሪያው ክፍል ሁለተኛው ሐሳብ ሲጀምር የሚመጣውን የሆርን (የነሐስ ቀንደ መለከት) ጥሪ ልብ በሉ። በመጀመሪያው ዙር በሆርን ይሰማል። ዋናው ሐሳብ ሲመለስ ግን ቤትሆቨን ያንኑ ጥሪ ባሱን ለሚባለው ወፍራም ድምፅ ላለው የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ነው የሰጠው፤ የዘመኑ ሆርን በዚያኛው ቅኝት ኖታውን በቀላሉ ማውጣት አይችልም ነበርና። በኋላ ዘመን የመጡ ብዙ የኦርኬስትራ መሪዎች «የዛሬው ሆርን ይችላል» ብለው መልሰው ለሆርን ሰጡት። ሌሎች ቤትሆቨን እንደጻፈው ትተውታል። ይህን አንዴ መስማት ከቻላችሁ ሃያሲው ስለ እሱ ሲጽፍ ልክ መሆን አለመሆኑን በራሳችሁ ጆሮ ታረጋግጣላችሁ።

ከዚያ ከሦስተኛው ክፍል ወደ አራተኛው የሚያሸጋግረውን ቦታ ስሙ። የአውታር መሣሪያዎቹ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ረግተው ይቆያሉ፤ ቲምፓኒው (የኦርኬስትራው ትልልቅ ከበሮ) ብቻ በቀስታ ይመታል። ከዚያ ድንገት ይፈነዳል። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የተቀመጡት ትሮምቦኖች፣ ፒኮሎና ኮንትራባሱን የሚገቡት እዚህ ነው። ይህ ቦታ ካልነዘራችሁ ቅጂው ለእናንተ አይደለም፣ ሃያሲው አሥር ኮከብ ቢደረድርለትም።

ለእያንዳንዱ ቅጂ ሁለት ሦስት መስመር ማስታወሻ ጻፉ። «ደስ አለኝ» አይበቃም። የቱ ቦታ ላይ? ለምን? ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ይበቃል።

2. ሂሱን በሦስት ቀለም አስምሩ

አሁን ስለ እነዚሁ ቅጂዎች የተጻፈ ነገር ፈልጋችሁ አንብቡ። ስታነቡ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከሦስት በአንዱ ክፍል መድቡት፦ ሊጣራ የሚችል እውነት፣ የሚሰማውን የሚገልጽ ቃል፣ ፍርድ። ለምሳሌ እንዲሆን አንድ ሂስ እኔው ልፍጠር፦

«መሪው የመጀመሪያውን ክፍል መድገሚያ አልዘለለም። የቀረጻው ድምፅ ከሩቅ የመጣ ይመስላል፤ ቲምፓኒው ከኋላ ተቀብሯል። ሁለተኛው ክፍል ረጋ ያለ ነው፣ ቫዮላዎቹና ቼሎዎቹ ግን ይሞቃሉ። በአጠቃላይ መሪው የቤትሆቨንን ጀግንነት አልተረዳም። ክላይበር እያለ ይህ አያስፈልግም።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ወይም ሐሰት ነው። መድገሚያው (የክፍሉ መጀመሪያ እንደገና የሚጫወትበት ቦታ) አለ ወይ የለም። በአምስት ደቂቃ ይጣራል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ የሚሳሳት ሃያሲ ካጋጠማችሁ ጽሑፉን ዝጉት። ኖታውን ሳያይ ወይም እስከ መጨረሻው ሳይሰማ ነው የጻፈው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መግለጫ ናቸው። «ከሩቅ የመጣ»፣ «ተቀብሯል»፣ «ይሞቃሉ»። እነዚህን በግማሽ እመኗቸው። ግማሹ የሃያሲው ስፒከር፣ የሳሎኑ ስፋትና ዕድሜው ነው። እሱ በውድ ስፒከር የሰማውን ቲምፓኒ እናንተ ታክሲ ውስጥ በኢርፎን ላትሰሙት ትችላላችሁ። ያም ሆኖ መግለጫው ጠቃሚ ነው። ጆሯችሁን ወዴት እንደምታዞሩ ይነግራችኋል። ጥሩ ሃያሲ የሚለየው በዚህ ነው፦ ጽሑፉን ካነበባችሁ በኋላ በፊት ያልሰማችሁትን ነገር ትሰማላችሁ።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፍርድ ናቸው። «ጀግንነት አልተረዳም» ማለት ምን ማለት ነው? ማንም ሊያጣራው አይችልም። «ክላይበር እያለ አያስፈልግም» ደግሞ ምርጫ ነው። የክላይበር ቅጂ ድንቅ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ለአሥርተ ዓመታት ሃያስያን እየተቀባበሉ «የማይደረስበት» ሲሉት፣ አዲስ ቅጂ ሁሉ ገና ሳይሰማ የተሸነፈ ሆኗል። አንዱ ሃያሲ የሌላውን ፍርድ ይወርሳል። ስለዚህ ፍርዱን አንብቡት፣ ግን አትግዙበት።

አንድ ሂስ አስምራችሁ ስትጨርሱ ፍርድ ብቻ ከሆነ፣ ሃያሲው ስለ ራሱ ነው የጻፈላችሁ።

3. የሃያሲውን አገርና ዘመን እዩ

ሃያሲ ከሰማይ አይወርድም። የእንግሊዝ መጽሔቶች ለእንግሊዝ መሪዎችና ኦርኬስትራዎች ያደላሉ የሚለው ወቀሳ የቆየ ነው። እንደ እኔ ንባብ ትንሽ እውነት አለበት። ክፋት ላይሆን ይችላል። ሰውየው በየሳምንቱ በአካል የሚሰማው የለንደንን ኦርኬስትራ ነው፤ ጆሮው በዚያ ድምፅ ተሠርቷል። የፈረንሳይ ሃያሲ ለራቬል፣ የቼክ ሃያሲ ለድቮርዣክ እንዲሁ ነው። መፍትሔው አንድን ሥራ ቢያንስ ከሁለት አገር ሃያስያን ማንበብ ነው። የለንደኑም የፓሪሱም ያመሰገኑት ነገር ካለ ጉዳዩ የሰፈር ፍቅር አይደለም።

ዘመኑም ይቆጠራል። በ1960ዎቹ የተጻፈ ሂስ የባህን ሙዚቃ በትልቅ ኦርኬስትራ መጫወትን እንደ ተፈጥሮ ይቆጥር ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ ያለው ብዙ ሃያሲ ያንኑ አጨዋወት «ከባድ» ይለዋል። ሙዚቃው አልተለወጠም፣ ፋሽኑ ነው የተለወጠው። የታተመበትን ዓመት ሳታዩ ሂስ አታንብቡ።

የድሮ ቀጥታ ቅጂዎች ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው መሪ ፉርትቬንግለር በ1951 በጀርመኗ ባይሮይት ላይ የመራው የቤትሆቨን ዘጠነኛ በየዝርዝሩ አናት ላይ ይገኛል። ይገባዋል። ነገር ግን ሞኖ ነው፣ ታዳሚው ይስላል፣ ተጫዋቾቹም አልፎ አልፎ አብረው አይገቡም። ሃያሲው ይህን ሁሉ ይቅር ብሎ ነው «ታላቅ» የሚለው። አዲስ አድማጭ በዚህ ቢጀምር «ለዚህ ነው እንዴ?» ሊል ይችላል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቅጂ አድርጉት።

4. ገንዘቡን አትርሱ፣ ግን አታጋንኑት

ሃያሲ ዲስኩን ብዙ ጊዜ በነጻ ነው የሚያገኘው። መጽሔቱ የሚኖረው በከፊል ከሙዚቃ አሳታሚዎች ማስታወቂያ ነው። ይህ ማለት ሂሱ ተገዝቷል ማለት አይደለም። በጨዋ መጽሔት ላይ በአንድ ገጽ የተዋወቀ ዲስክ በሌላው ገጽ ሲብጠለጠል ታያላችሁ። ጫናው ይበልጥ የሚታየው በሚመረጠው ላይ ነው። የትልቁ ኩባንያ አዲስ ቅጂ ሙሉ ገጽ ያገኛል፤ የትንሹ ኩባንያ አንድ አንቀጽ፣ ወይም ምንም። ስለዚህ «ስለ እሱ ማንም አልጻፈም» ማለት «ጥሩ አይደለም» ማለት አይደለም።

የዲስክ ሽፋን ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ ደግሞ ጨርሶ አይታመን። ከረጅም ሂስ ውስጥ «አስደናቂ» የምትል ቃል ብቻ ተቆርጣ ትወጣለች። ቀጥሎ «ግን» ይኖር ይሆናል።

5. ስም ጆሮን እንደሚያታልል እወቁ

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ጆይስ ሃቶ እንግሊዛዊት ፒያኒስት ነበረች። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ መድረክ ላይ አልታየችም፤ በካንሰር ታማለች ተባለ። በሕይወቷ መጨረሻ ዓመታት ግን ባሏ ዊልያም ባሪንግተን-ኩፕ በሚያስተዳድራት ትንሽ ኩባንያ በኩል በስሟ ከመቶ በላይ ሲዲዎች ወጡ። ሊስት፣ ሾፓን፣ ራህማኒኖፍ፣ ፕሮኮፊየፍ፣ ምን የቀረ አለ? በጣም ከባድ የሚባለውን ሁሉ ትጫወታለች። ሃያስያን ጉድ አሉ። ታማ ቤት የተቀመጠች፣ ዓለም የረሳት ሴት፣ ከሁሉ የምትበልጥ ፒያኒስት ሆና ተገኘች። ከዚህ የሚጥም ታሪክ ከየት ይመጣል? በ2006 ስትሞት ጋዜጦች በታላቅ ሙገሳ ሸኟት።

በ2007 መጀመሪያ ላይ አንድ አድማጭ የሃቶን የሊስት ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተ። አይቱንስ የተባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ዲስኩን ለየና የሌላ ሰው ስም አወጣ፦ ላስሎ ሲሞን። አድማጩ ለአንድ ሃያሲ ጻፈ፤ ጉዳዩ ግራሞፎን ዘንድ ደረሰ፤ የድምፅ ባለሙያ ሞገዱን አነጻጸረ። ያው ቅጂ ነው። ከዚያ አንዱ ሲጎተት ሌላው ተከተለ። የብራምስ ሁለተኛው የፒያኖ ኮንቸርቶ የፒያኒስቱ አሽኬናዚ ሆነ። የራህማኒኖፍ ሦስተኛው የዬፊም ብሮንፍማን። ሲዲው ላይ የተጻፈው ኦርኬስትራ መሪ ሬኔ ኮለር ጭራሽ በዓለም ላይ ያልነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ። አንዳንዱ ቅጂ እንዳይታወቅ ፍጥነቱ ተለጥጦ ወይም ተጨምቆ ነበር። ባልየው በኋላ አመነ፤ ለሚስቴ ብዬ ነው አለ።

ብዙዎች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት «ሃያስያን ምንም አያውቁም» የሚል ነው። እኔ አልስማማም። የተሰረቁት ቅጂዎች እውነትም ጥሩ ነበሩ። ሃያስያኑ «ይህ ድንቅ አጨዋወት ነው» ሲሉ አልተሳሳቱም። ጆሯቸው ሠርቷል። የተሳሳቱት ከዚያ ያለፈ ነገር ሲጨምሩ ነው፦ በዕድሜ የመጣ ጥበብ፣ በሕመም የጠራ ነፍስ፣ ከዲስክ እስከ ዲስክ የሚታወቅ የሃቶ ድምፅ። እነዚያ ዲስኮች የብዙ የተለያዩ ፒያኒስቶች ነበሩ። የሃቶ ድምፅ የሚባል ነገር በሃያሲው ጭንቅላት ውስጥ እንጂ በሲዲው ላይ አልነበረም።

የሚያሳፍረው የራህማኒኖፉ ነው። የብሮንፍማን ቅጂ በራሱ ስም ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለ ሂስ የጻፈበት ሰው፣ ያንኑ ቅጂ በሃቶ ስም ሲሰማ አወድሶታል። እዚህ ላይ ጆሮ ሳይሆን ስሙ ነው የጻፈው።

ተንኮል በሌለበትም ይሆናል። በ1960ዎቹ አንድ ትልቅ ኩባንያ የሾፓንን የመጀመሪያ ፒያኖ ኮንቸርቶ በዲኑ ሊፓቲ ስም አወጣ። ሊፓቲ በ1950 በ33 ዓመቱ የሞተ፣ እንደ ቅዱስ የሚታይ ሩማንያዊ ፒያኒስት ነው። ዲስኩ ለዓመታት ሲመሰገን ኖረ። በ1981 ቢቢሲ ሲያስተላልፈው አንድ አድማጭ ይህ የሃሊና ቼርኒ-ስቴፋንስካ አጨዋወት አይደለም ወይ ብሎ ጻፈ። እሷው ነበረች። ፖላንዳዊቷ ፒያኒስት በሕይወት እያለች ሙገሳዋን ሟቹ ሲቀበልላት ነበር።

ሳይንሱም ይህንኑ ያጠናክራል። ቺያ-ጁንግ ጼይ የምትባል ተመራማሪ በ2013 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች የሙዚቃ ውድድር አሸናፊዎችን እንዲገምቱ አደረገች። ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ብቻ ያዩት፣ ሙዚቃውን ብቻ ከሰሙት በተሻለ አሸናፊውን ለዩ። ባለሙያ ሙዚቀኞቹም እንደዚያው። ሁሉም ግን ከመጀመሩ በፊት «ወሳኙ ድምፁ ነው» ብለው ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ስሙን ሳያውቁ የሚሰሙ ሃያስያንን ፈልጉ። ፈረንሳይኛ የሚሰማ ካለ በፍራንስ ሙዚክ ሬዲዮ ላይ ሃያስያን ተሰብስበው የአንድ ሥራ ቅጂዎችን የሚያወዳድሩበት የቆየ ዝግጅት አለ። የሚጫወተው ማን እንደሆነ ሳይነገራቸው ነው የሚፈርዱት። አንዳንዴ ሲያከብሩት የኖሩትን ሰው በመጀመሪያው ዙር ያባርሩታል። የቢቢሲ ሬዲዮ 3 ሳምንታዊ የቅጂ ማወዳደሪያም ጠቃሚ ነው። እዚያ ስም ይነገራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፍርድ ከነድምፁ ስለሚቀርብ ሃያሲውን እዚያው መሞገት ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ራሳችሁ ሞክሩት። ለእህት ወይም ለጓደኛ ስልካችሁን ስጡ። የመረጣችኋቸውን ሦስት ቅጂዎች በፈለገችው ቅደም ተከተል ሁለት ሁለት ደቂቃ ታጫውት፤ ስማቸውን አትንገራችሁ። የድምፁን ከፍታ እንድታስተካክል ንገሯት፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ደረጃ ስጡና ከዚያ ስሙን ጠይቁ። ውጤቱ አንዳንዴ ያሳቅቃል፣ ግን ያስተምራል።

6. ሃያሲውን በምታውቁት ነገር ፈትኑት

ስለ ብራምስ የሚጽፍን ሰው እንዴት እንፈትነዋለን? እሱ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ነገር ግን እኛ ከእሱ የምናውቀው ነገር አለ።

የፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ የነበሩት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው ቫዮሊን ጀመሩ፤ በኋላም ካይሮ ውስጥ በፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ተማሩ። ከዚያ መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን አገር ወጣ። በ2006 ኢትዮጲክስ በሚባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ሆኖ ሲወጣ ዓለም አወቃቸው። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ለረጅም ዓመታት በኖሩበት ገዳም፣ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

አሁን የውጭ ሃያስያን ስለ እሳቸው የጻፉትን ፈልጋችሁ አንብቡ። ብዙዎቹ ፈረንሳዮቹን የሙዚቃ ደራሲዎች ሳቲንና ደቡሲን ይጠራሉ፣ ብሉዝ ይላሉ፣ ጃዝ ይላሉ። አንዳንዱ ንጽጽር ጆሮ ላይ እውነት ይመስላል፤ እሳቸውም የአውሮፓን ሙዚቃ በትምህርት የሚያውቁ ሰው ናቸው። ጥያቄው ሃያሲው ከዚያ አልፎ ይሄዳል ወይ ነው። ትዝታና አንቺሆዬ የሚባሉ ቅኝቶች እንዳሉ ያውቃል? ያ የተንሳፈፈ፣ በምት ያልታሰረ አካሄድ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ጋር ዝምድና እንዳለው ይጠረጥራል? ወይስ «ምሥጢራዊቷ መነኩሴ» የሚለውን ታሪክ ብቻ እያሳመረ ነው?

ይህ ፈተና ሦስት ዓይነት ሃያሲ ያሳያችኋል። አንዱ የማያውቀውን እንደማያውቅ ተናግሮ የሰማውን ብቻ በጥንቃቄ ይገልጻል። እሱን ስለ ብራምስም እመኑት። ሁለተኛው ጠይቆ፣ አጥንቶ ይመጣል። እሱን ይበልጥ እመኑት። ሦስተኛው ታሪኩን ወዶ ድምፁን ረስቷል። ስለ እማሆይ እንዲህ ከጻፈ፣ ስለ ሃቶም ልክ እንደዚያ ይጽፍ ነበር።

ፈተናው ለመሲንቆና ለክራር ሙዚቃ ግምገማም ይሠራል። የናንተ ጆሮ ዳኛ የሚሆንበት ማንኛውም ቦታ ይበቃል።

7. ሁለት ወይም ሦስት ሃያሲ ያዙ፣ አንዱ የማትስማሙት ይሁን

ሁሉንም ማንበብ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ወጥ የሆነ ጣዕም ያላቸውን ምረጡ። ወጥነት ከትክክለኛነት ይበልጣል። የሥጋ ቤቱ ሚዛን ሁልጊዜ ሩብ ኪሎ እንደሚጨምር ካወቃችሁ በሱ መገበያየት ትችላላችሁ፤ ችግሩ ዛሬ ጨምሮ ነገ ሲቀንስ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። አሜሪካዊው ዴቪድ ሃርዊትዝ ክላሲክስ ቱዴይ በሚባለው ድረ ገጹና በዩቲዩብ በጣም የታወቀ ነው። ለአጨዋወትና ለድምፅ ጥራት ከአሥር ነጥብ ይሰጣል። የሚጠላውን አይደብቅም። በተለይ የእንግሊዛዊውን መሪ የሮጀር ኖሪንግተንን ያለ ቫይብራቶ (ድምፁን ሳያንቀጠቅጡ) የሚያስጫውት ዘዴ አጥብቆ ተቃውሟል። እናንተ የኖሪንግተንን ቀጥ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ የቫዮሊን ድምፅ ከወደዳችሁ ቀላል ነው፦ ሃርዊትዝ በዚያ ምክንያት የሚነቅፈውን ቅጂ ፈልጋችሁ ስሙት። የእሱ ቁጣ ለናንተ ጥቆማ ሆነ። በሌላ በኩል ስለ ኦርኬስትራ ቀለምና ስለ ከበሮ ድምፅ ሲጽፍ ከተስማማችሁ፣ እዚያ ላይ ቀጥታ ተከተሉት።

አንድ ሃያሲ ለመመዘን የምታውቋቸውን አምስት ወይም ስድስት ቅጂዎች ውሰዱ። እሱ ያለውን ከማስታወሻችሁ ጋር አስተያዩ። በብዙው ከተስማማችሁ ጥሩ። በብዙው ከተቃረናችሁም ጥሩ፤ ገልብጣችሁ ታነቡታላችሁ። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ከሆነባችሁ ተዉት።

8. አዲስ ሥራ ላይ እምነታችሁን ቀንሱ

የታወቀ ሥራ አዲስ ቅጂ ሲወጣ ሃያሲው ማወዳደሪያ አለው። ሙዚቃው ራሱ አዲስ ሲሆን ግን ባዶ እጁን ነው። ኤድዋርድ ሃንስሊክ በዘመኑ በቪየና ከሱ በላይ የሚፈራ ሃያሲ አልነበረም። በ1881 የቻይኮቭስኪ ቫዮሊን ኮንቸርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ፣ ሙዚቃ ጆሮ ላይ ሊገማ ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ አስነሳብኝ ብሎ ጻፈ። ቻይኮቭስኪን እስከ ዕድሜ ልኩ ከነከነው። ዛሬ ኮንቸርቶውን የማይጫወት ቫዮሊኒስት ፈልጋችሁ አታገኙም። የሙዚቃ ደራሲና ሃያሲ የነበረው ሹማን በበኩሉ በ1831 የወጣቱን ሾፓን ሥራ አይቶ ባርኔጣችሁን አንሱ ብሎ ነበር፤ እሱ ልክ ነበር። ሁለቱም ትልቅ ሙዚቃ አዋቂዎች ናቸው። አዲስ ሥራ ላይ ማን ልክ እንደሚሆን በዕለቱ የሚያውቅ የለም።

በተቃራኒው ብዙም ያልተቀዳ ሥራ ሲሆን ሃያሲውን ይበልጥ ትፈልጉታላችሁ። ሁለት ቅጂ ብቻ ባለው ኦፔራ ላይ «አንደኛው ትዕይንቶችን ቆርጧል» ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ብዙ ሰዓት ያተርፍላችኋል።

9. ማስታወሻውን አትጣሉ

የሃያሲው ፍርድ ከጆሯችሁ ጋር ሲጋጭ ወዲያው እጅ አትስጡ፣ ወዲያውም አትናቁት። ቅጂውን አቆዩት። ከወራት በኋላ መጀመሪያ ሙዚቃውን፣ ቀጥሎ የራሳችሁን የቆየ ማስታወሻ፣ በመጨረሻ ሂሱን። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ ሂሱ ከቀደመ ጆሮውን ይመራዋል።

የሙዚቀኞችም ጆሮ ይለወጣል። ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ የባህን ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ በ1955 ሲቀዳ 38 ደቂቃ ገደማ ፈጀበት። በ1981 እንደገና ሲቀዳው 51 ደቂቃ አካባቢ ሆነ። መድገሚያዎቹን በአንዳንዱ ስለጨመረ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው አሪያ (የመክፈቻው ዜማ) ብቻውን ሌላ ሙዚቃ እስኪመስል ዘግይቷል። ሃያስያን የትኛው ይበልጣል ብለው እስካሁን ይከራከራሉ። ሁለቱንም አውርዱ፣ የሁለቱን አሪያ አከታትላችሁ ስሙ፣ መጻፍ ያለባችሁን ጻፉ፤ ክርክሩን ከዚያ በኋላ አንብቡት።